ከቦረና ደጋ እስከ ሜድትራንያን ባሕር፦ የአፈር፣ የጎርፍና የዓሣ ነገር

ስለ ባሕር ሥነ ምህዳር ጥበቃ በሚነሣበት ጊዜ አንድ የመካነ ሰላም ተማሪ «እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደገኛም የሚያውቀው ማዕበል የክረምቱን ጎርፍ ነው። ነገር ግን ከዓለም ባሕሮች አንዱ፣ ማለትም የሜድትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ቀለብ ሲሰፈርለት የኖረው ከዚሁ ጎርፍ ነበር። ቀለቡ ሲቋረጥ ምን ሆነ? የአየር ንብረት ለውጥ በተጨመረበት በዚህ ዘመንስ ሰው ባሕሩን እየተጠቀመ፣ ባሕሩም ሳይጎዳ የሚኖርበት መንገድ ይገኛል ወይ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከታች ከባሕሩ ሳይሆን ከላይ ከተራራው ተነሥቶ ይመለከተዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከድንጋይ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ባሕር

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከዓባይ ሸለቆ በላይ በሚገኘው ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሸለቆውን የተሻገረ ሰው ምሥራቅ ጎጃም ይገባል። በሰሜን በኩል በሽሎ፣ በደቡብ በኩል ወለቃ፣ በመካከልም ስማቸውን የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ብዙ ጅረቶች የዚህን ደጋ ውሃ ሰብስበው ለዓባይ ያስረክባሉ። ደጋው ራሱ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ በተደጋጋሚ ከፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ቅልጡ እየቀዘቀዘ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ፣ ባዛልት የተባለውን ጥቁር ድንጋይ አስገኘ። ወደ ሸለቆው ሲወርዱ እንደ ደረጃ ተደርድሮ የሚታየው ገደል ይኸው ነው፤ ከሥሩ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል።

ባዛልት በዝናብና በሙቀት ሲፈረካከስ ሲሊካ፣ ካልሲየም፣ ብረትና ፎስፈረስ ይለቃል። ጤፍና ገብስ የሚበቅሉበት አፈር ሀብቱ ከዚህ የመጣ ነው። ክረምት ሲገባ የዚህ አፈር ከፊሉ ጉዞ ይጀምራል። ከቦረና እስከ ሜድትራንያን የወንዙ መንገድ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል አስዋንን አልፎ ይወርድ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። ግብፆች «የዓባይ ስጦታ» እያሉ ያረሱት ምድር በሌላ አነጋገር የወሎ፣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የሸዋና የወለጋ ማሳ ነበር ማለት ነው።

ምሥራቃዊው ሜድትራንያን ይህን ስጦታ የሚፈልገው ድሀ ባሕር ስለሆነ ነው። የቱሪስት ፖስት ካርድ ላይ የምናየው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ እጅግ ያማረ ነው፤ ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን ያ ማማር የድህነት ምልክት ነው። ውሃው የጠራው የባሕር ሕይወት ሁሉ መሠረት የሆኑት በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ዕፅዋት (ፊቶፕላንክተን) ጥቂት ስለሆኑ ነው። የድህነቱ ምክንያት ከባሕሩ የውሃ ዝውውር የሚመነጭ ነው። ውሃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በጅብራልታር በኩል በገጽ ላይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨውነቱ ይጨምራል፤ እፍግታው ይጨምራል፤ በመጨረሻም ይሰጥምና በጥልቁ በኩል ወደ መጣበት ይመለሳል። ከላይ የሞቱ ሕዋሳት ይዘውት የሚወርዱት ንጥረ ምግብም በዚሁ የታች መንገድ ከባሕሩ ይወጣል። በተለይ የሚጎድለው ፎስፈረስ ነው።

እንግዲህ በነሐሴና በመስከረም ከ30 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነው የጎርፍ ውሃ በረሺድና በዱምያጥ አፎች በኩል ወደዚህ ድሀ ባሕር ይገባ ነበር። የወንዝ ውሃ ጨው ስለሌለው እፍግታው በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የባሕሩ ግን 1,028 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ጣፋጩ ውሃ እንደ ዘይት በጨዋማው ላይ እንዲንሳፈፍ ይበቃዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ንጥረ ምግቡ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ከመቅረት ይልቅ ብርሃን ባለበት በገጹ ላይ ይቆያል። በግምት በአንድ የጎርፍ ወቅት 7 ሺህ ቶን ወይም ከዚያ በላይ ለሕያዋን የሚጠቅም ፎስፈረስና ከ100 ሺህ ቶን በላይ ሲሊካ ወደ ባሕሩ ይገባ ነበር። ሲሊካውን ዳያቶም የተባሉት ደቂቅ ዕፅዋት እንደ መስተዋት ያለ ቅርፊታቸውን ይሠሩበታል። ግብፃዊው የባሕር ሳይንቲስት ዩሱፍ ሐሊም ይህን ድንገተኛ የዕፅዋት ፍንዳታ «የናይል አበባ» በሚል ስም በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ መዝግበውታል። አበባውን ተከትሎ የሰርዲን መንጋ ወደ ዳርቻው ይቀርባል፤ ሰርዲኑን ተከትሎ መረብ ይዘረጋል። የቦረና ገበሬ ማሳው ሲታጠብ የሚያዝንበት ወር የዱምያጥ ዓሣ አስጋሪ ሠርግ የሚደግስበት ወር ነበር።

ጎርፉ የቀረበት ዓመት

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሥራ በ1960 ተጀምሮ በ1970 ተፈጸመ። ሙሉ ጎርፍ ወደ ባሕር ለመጨረሻ ጊዜ የገባው በ1964 ነው። በ1962 ከግብፅ የሜድትራንያን ዳርቻ 18 ሺህ ቶን ያህል ሰርዲን ተሰግሮ ነበር፤ በ1968 ግን የተገኘው ከ500 ቶን በታች ነበር። ከመቶው እጅ ዘጠና ሰባቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

ግድቡ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ደለሉንም እንዴት እንደሚያስቀር ለመረዳት የስቶክስን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። በረጋ ውሃ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቅንጣት የምትሰጥምበት ፍጥነት ከሬዲየሷ ካሬ ጋር የተመጣጠነ ነው። ዲያሜትሯ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በሰከንድ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ 100 ሜትር ጥልቀት ለመውረድ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። ከእርሷ 50 ጊዜ ያነሰች የሸክላ ቅንጣት ግን ፍጥነቷ 2,500 ጊዜ ያንሳል፤ ያንኑ ጥልቀት ለመውረድ አሥር ወር ያህል ያስፈልጋታል። እየተገለባበጠ በሚሮጥ ወንዝ ውስጥ ሸክላ ሳይሰጥም አገር ለአገር የሚዞረው ለዚህ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ግንዱን አየ እንጂ ጭቃውን አላሰበም። የናስር ሐይቅ ግን 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ማደሪያ ሆነ፤ ውሃው በውስጡ ከዓመት በላይ ስለሚቆይ ለሸክላውም ጭምር ጊዜ አለው። በዚህም ምክንያት ከሚገባው ደለል እጅግ የሚበዛው እዚያው ይቀራል።

ተማሪዎች በቤታቸው ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር ልጠቁም። በሁለት ጠርሙስ እኩል የጎርፍ ውሃ ይቅዱ፤ በአንደኛው ሁለት ማንኪያ ጨው ጨምረው ሁለቱንም ይበጥብጡና ያስቀምጡ። ጨው ያለበት ቀድሞ ይጠራል። የሸክላ ቅንጣቶች ገጽ አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው በጣፋጭ ውሃ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ የጨው አዮኖች ያንን ግፊያ ሲያዳክሙት ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ይሰጥማሉም። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ደልታ የሚፈጠረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የግብፅ ደልታም በጠርሙሱ ውስጥ የታየው ነገር በሺህ ዓመታት ተደጋግሞ የሠራው ምድር ነው። ደለሉ ሲቀር ማዕበሉ የሚወስደውን የሚተካ ጠፋ፤ በረሺድ አፍ ዳርቻው በዓመት እስከ 100 ሜትር ድረስ ወደ ኋላ የሸሸበት ጊዜ ነበር፤ የተገታውም በግንብ ነው።

ዓሣው የተመለሰው ከየት ነው?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ትምህርቱ ቀላል ይሆን ነበር። አላበቃም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግብፅ የሜድትራንያን ዓሣ ምርት እንደገና ማደግ ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ከግድቡ በፊት ከነበረው በለጠ። ጎርፉ አልተመለሰም። ታዲያ ዓሣው ምን በልቶ በዛ?

አሜሪካዊው የባሕር ሳይንቲስት ስኮት ኒክሰን በ2003 ያቀረቡት መልስ ለጆሮ ደስ የሚል አይደለም። ከግድቡ በኋላ የግብፅ ገበሬ በደለሉ ምትክ የፋብሪካ ማዳበሪያ መጠቀም ጀመረ፤ የካይሮና የእስክንድርያ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ የፍሳሽ ማስወገጃ መስመሮችም ተስፋፉ። ከማሳውና ከከተማው የሚወጣው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በቦይና በሐይቅ አልፎ ወደ ባሕሩ ገባ። ጎርፉ ያስቀረውን ቀለብ ፍሳሽ ተካው ማለት ነው። ግምቱ በ2009 በአይሶቶፕ ተፈተነ። ናይትሮጂን ቀላልና ከባድ አይሶቶፕ አለው፤ ባክቴሪያ ፍሳሽን ሲያብላላ ቀላሉን አስቀድሞ ስለሚጠቀምበትና ወደ አየር ስለሚለቀው በቀሪው ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል። በደልታው ዳርቻ የተያዙት ዓሦች ሥጋ ይህንኑ ምልክት አሳየ። የዳርቻው ዓሣ ምርት አብዛኛው በሰው ሠራሽ ንጥረ ምግብ የቆመ መሆኑ በዚህ ተጠናከረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ምን ቸገረ? ዓሣው ተመለሰ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ለእኔ ግን ይህ አባባል የክብደት መለኪያን ከጤና መለኪያ ጋር የሚያምታታ ነው። ጎርፉ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ድግስ ነበር፤ ፍሳሹ ግን ዓመት ሙሉ የማይቋረጥ ነው፤ ከዳርቻው ሳይርቅ ይከማቻል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይጨርሳል። ዳያቶም የሚያስፈልገው ሲሊካም በበቂ አይገኝበትም። ከዚህም ሌላ የጎርፉ ጣፋጭ ውሃ በ1869 በተከፈተው በስዊዝ ቦይ በኩል ለሚመጡት የቀይ ባሕር ዝርያዎች እንደ አጥር ያገለግል ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አጥሩ ፈርሷል፤ ባሕሩም እየሞቀ ነው። ከ2003 ጀምሮ የታየው መርዛማው ፊኛ ዓሣና ከ2012 ወዲህ የተስፋፋው አንበሳ ዓሣ ዛሬ በምሥራቃዊው ሜድትራንያን ቤተኛ ሆነዋል።

ሙቀት ሲጨመር

የከባቢ አየር ጋዞች ምድር ላይ ካስቀሩት ትርፍ ሙቀት ከዘጠና በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። የመላው ከባቢ አየር ሙቀት የመያዝ አቅም ከውቅያኖስ የላይኛው ሦስት ሜትር ያህል ውሃ አቅም ጋር እንደሚስተካከል ላሰበ ይህ አያስደንቅም። ሜድትራንያን ደግሞ ከዓለም አማካይ ፈጥነው ከሚሞቁት ባሕሮች አንዱ ነው። የሞቀ የገጽ ውሃ ይቀላል፤ ከታቹ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ለመቀላቀል ይከብደዋል፤ ስለዚህ በክረምት ወራት ከጥልቁ የሚወጣው ትንሽ ንጥረ ምግብም ይቀንሳል። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም አነስተኛ ነው። የዓለም ባሕር ወለል ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ከ2006 በኋላ ባሉት ዓመታት ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ደለል የማያገኘው ደልታ በራሱ ክብደት እየሰጠመ ባለበት ወቅት ባሕሩ ወደ ላይ ይወጣል።

ሙቀቱ በእኛም በኩል ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር አየሩ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚህም ኃይለኛ ዝናብ ይበልጥ ኃይለኛ ይሆናል። የዓመቱ ድምር ባይለወጥ እንኳ ለአፈር የሚብሰው የአንድ ቀን ዶፍ ነው። በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ብርቱ ዝናብ ቢጥል ጠብታዎቹ ይዘውት የሚመጡት የእንቅስቃሴ ጉልበት 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ አንድ ኩንታል እህል 12 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ለማንሣት የሚበቃ ጉልበት ነው። መሬቱ ዕፅዋት ከለበሰ ጉልበቱ በቅጠል ላይ ያልቃል፤ አዲስ በታረሰ ባዶ ማሳ ላይ ግን አፈሩን ይፈረፍረዋል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ በሆነው ደጋ፣ በአስታና በሣር ከተሸፈነው ቁልቁለት የሚወጣውን ጅረት ከታረሰው ተዳፋት ከሚወርደው ጋር አስተያይቶ ቀለሙን ማየት በቂ ማስረጃ ነው።

የገበሬው ሒሳብ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። ባሕሩ ጎርፉን ይፈልግ ነበር ካልን የወሎ ገበሬ አፈሩን እየሰጠ ይኑር ማለታችን ነውን?

በደቡብ ወሎ የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1981 ነው፤ ከስዊስ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በሀገሪቱ ከተቋቋሙት መሰል ጣቢያዎችም የመጀመሪያው ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች መለኪያ ላይ ተመሥርተው ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ተመራማሪ ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ ከሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1.2 ቶን ቢሆን፣ 42 ቶን ማለት 35 ሜትር ኩብ ነው፤ በሄክታሩ ላይ ሲዘረጋ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመት ጥቂት እጥፍ የሚበልጥ ነገር ነው፤ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ግማሽ ሜትር አፈር ያለው ማሳ በዚህ አካሄድ ከ150 ዓመት በታች ውስጥ ድንጋይ ይቀራል። ድንጋዩ አፈር የሚሆነው ከዚህ በጣም ባነሰ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ለባሕር ሲባል ማሳ ይታጠብ የሚል ሚዛን የለም። ዛሬ የቦረና አፈር ከማሳው ቢወጣም ባሕር አይደርስም፤ በመንገዱ ላይ ያለው የግድብ ሐይቅ ይቀበለዋል። የሱዳኑ የሮዛሬስ ግድብ በ1966 ሥራ ጀምሮ በ2013 ከፍ እስኪደረግ ድረስ ከመነሻ አቅሙ ሲሶ የሚሆነውን ለደለል አስረክቦ ነበር። ማሳው ያጣውን ባሕሩ አላገኘም፤ ግድቡም ተጎዳ። ለባሕሩ መፍትሔ የሚፈለገው እዚያው በዳርቻው ነው፤ ፍሳሽን አጣርቶ መልቀቅ፣ የመረብን ብዛት መወሰን፣ ዓሣ የሚራባበትን ረግረግና ሐይቅ አለመድፈን። ለተራራው መፍትሔ ደግሞ እርከን፣ ክትርና ከከብት የተከለለ ተዳፋት ነው። ከ1984ቱ ረኃብ ወዲህ በወሎ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ፣ ስንቱም ጥገና አጥቶ እንደፈረሰ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የፈረሰ እርከን ውሃ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ካልተሠራው ይብሳል፤ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

የራሳችን ባሕር

የባሕሩ ጥያቄ በሩቅ ያለ ጥያቄ ሆኖ አልቀረም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2020 ነው፤ የተመረቀውም በመስከረም 2025 ነው። ንጋት ሐይቅ የተባለው ውሃ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በመካነ ሰላም ሥር የሚያልፈው ዓባይ ዛሬ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ በሐይቁም ዓሣ ማስገር ተጀምሯል።

እዚህ ላይ ከናስር ሐይቅ የምንማረው ነገር አለ። አዲስ ሐይቅ ሲፈጠር በውሃ የተዋጠው ሣርና ዛፍ እየበሰበሰ ንጥረ ምግብ ይለቃል፤ ዓሣውም አዳኝና ተሻሚ ሳይበዛበት ይረባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ያስደስታል። የናስር ሐይቅ ምርት በ1960ዎቹ አጋማሽ ከጥቂት መቶ ቶን ተነሥቶ በ1981 ከ34 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወረደ። በጥጋቡ ዘመን ምርት ልክ ፈቃድ የሰጠ፣ ጀልባ ያስገዛና ብድር ያበደረ ሰው ሐይቁ ሲረጋጋ ትርፉ መረብና ዕዳ ይሆናል። የንጋት ሐይቅ የመረብ ቁጥር በዛሬ ምርት ሊወሰን አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው የውሃው ከፍታ ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ወንዱ በአሸዋው ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ተርባይኑ ውሃ ሲወስድ ሐይቁ በጥቂት ሜትር ዝቅ ካለ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የግድ ዝቅ ማለት አለበት፤ መቼና በምን ፍጥነት ዝቅ እንደሚል ግን የሚመረጥ ነገር ነው። ዓሣ በሚራባበት ወራት ማስገርን የመከልከል ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው (ይህ ቁጥር ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ወራቱን ለመወሰን ግን የሐይቁ የውሃ ሙቀት፣ ኦክስጅንና ደለል ከወር ወር መለካት አለበት። ለመነሻ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፦ ቴርሞ ሜትር፣ ረጅም ገመድ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ቆርቆሮ፣ የጎርፍ ውሃ መቅጃ ጠርሙስና ሚዛን። ከቦረና ጅረቶች አንዱን መርጦ በየሳምንቱ አንድ ሊትር ውሃ የሚቀዳ፣ ደለሉን አድርቆ የሚመዝን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በሁለት ክረምት ውስጥ በዚያ ጅረት ላይ ከማንም ባለሙያ የተሻለ መዝገብ ይኖረዋል።